ወደ ግራ የሚጎትተው አውሮፕላን

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ደወለና «ዛሬም ወደ ግራ ጎተተ!» አለኝ። ደህና አደርሽ የለ፣ እንዴት ነሽ የለ። ገና ፊቴን እንኳ አልታጠብኩም። የሰማው ሰው ስለ መኪናው የሚያወራ ይመስለዋል። እሱ ግን የሚያወራው በድሮ መኝታ ቤቴ ውስጥ ስለተተከለው አውሮፕላን ነው።

ከቤት ከወጣሁ ሳምንት ሳይሞላኝ አልጋዬን ፈታትቶ አወጣና በቦታው ኮምፒውተር፣ ሦስት ስክሪን፣ አንድ መሪ፣ የሞተር ጉልበት መስጫ ዘንግና ጣውላ ላይ በብሎን የታሰረ፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ግራና ቀኝ የሚያዞር የእግር ፔዳል ተከለ። ወንበሩ ከአሮጌ ሚኒባስ የተነቀለ ነው። እናቴ ክፍሉን «ሃንጋሩ» ትለዋለች፤ የአውሮፕላን ማደሪያ ማለቷ ነው። የታጠበ ልብስ ይዛ ወደ ሰገነቱ ለመውጣት በዚያ ማለፍ ስላለባት በሩን ታንኳኳና «ካፒቴን፣ ለማለፍ ፈቃድ እጠይቃለሁ» ትላለች። እሱ ፈገግ እንኳ አይልም። «ተፈቅዷል» ይላል።

አባቴ የእውነት አብራሪ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ጭኖ በርሯል። በየስድስት ወሩ ግን እሱም እንደ ተማሪ የአየር መንገዱ ትልቅ ሲሙሌተር፣ በረራ የሚያስመስለው ማሽን ውስጥ ገብቶ ይፈተናል። ባለፈው ጊዜ ፈታኙ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ጻፈበት፤ አውሮፕላኑ ሲነሣ አቅጣጫውን አልጠበቀም ብሎ። በማስጠንቀቂያ አሳለፈው። የሚቀጥለው ፈተና ሰኞ ነበር። ሰኞ ከወደቀ ከበረራ ያወርዱታል፤ ጡረታው ደግሞ ሁለት ዓመት ብቻ ነው የቀረው። ስለዚህ የሦስት ሳምንት እረፍት ወስዶ ከጠዋት እስከ ማታ ሃንጋሩ ውስጥ ይለማመዳል። የሚለማመድበት አውሮፕላን ግን ሳያዘው ወደ ግራ እየሄደ አስቸገረው። «ሰኞ ብወድቅ በዚህ ዕቃ ምክንያት ነው» እያለ የእናቴን ጨጓራ ሲልጠው ሰነበተ።

እኔ መቶ አርባ ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። ብልሽቱ ያልተገኘ ዕቃ ካለ ሰላም አላገኝም፤ ምግብ አይበላልኝም፣ ከሰው ጋር እያወራሁ ጣቶቼ ጠረጴዛ ይደበድባሉ። አሠራሬ ቀላል ነው። ሊበላሽ የሚችለውን ሁሉ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ አንድ በአንድ እፈትሻለሁ፤ ደህና የሆነውን እሰርዛለሁ። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አልነካም። መጨረሻ ላይ ሳይሰረዝ የቀረው ጥፋተኛው ነው። እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ አንድም ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም።

ስደርስ አባቴ በካልሲው ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ነፋሱን ዜሮ አድርጌዋለሁ» አለኝ ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ። «ነዳጁም በሁለቱ ክንፎች እኩል ነው። እሱን እንዳትጠይቂኝ።»

«እጠይቅሃለሁ። ራሴ ካላየሁ አልሰርዝም።»

«ምን ዓይነት ልጅ ነው የወለድኩት!»

«ያንተን ዓይነት» አለች እናቴ ከኮሪደሩ።

ስምንት መስመር ጻፍኩ፦ ነፋስ፣ ነዳጅ፣ ገመድ፣ የገመድ መሰኪያ፣ ፔዳሉን ከኮምፒውተሩ የሚያግባባው ድራይቨር፣ የፔዳሉ ልኬት፣ ፕሮግራሙ፣ ፔዳሉ ራሱ። ነፋሱን አየሁት፣ እውነትም ዜሮ ነው። ነዳጁም እኩል ነው። ሁለቱን ሰረዝኩ። ገመዱን ቀየርኩ፤ አባቴ ተቀመጠ፣ ጉልበት ሰጠው፣ አውሮፕላኑ ተንደረደረ፤ ከዚያ አፍንጫው ቀስ እያለ ወደ ግራ ዞረና ከማኮብኮቢያው ወጥቶ ሣሩ ውስጥ ገባ። መሰኪያውን ቀየርኩ። ሣር። ድራይቨሩን አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩ። ሣር።

በመሃል ዞር ስል አባቴ መሪውን ነቅሎ በሌላ መሰኪያ ሲሰካ ያዝኩት።

«አባዬ፣ እጅህን!»

«ምን ነካሁ? ልርዳሽ ብዬ ነው።»

«አሁን ቢስተካከል በየትኛው እንደተስተካከለ በምን አውቃለሁ?»

«ይስተካከል እንጂ በፈለገው ይስተካከል!»

ከእንደዚህ ዓይነት ሰው ጋር መሥራት ማለት ውኃ በወንፊት መቅዳት ነው። ከክፍሉ አስወጣሁትና በሩን ዘጋሁ። የፔዳሉን ልኬት አዲስ አስገባሁ። ፕሮግራሙን ሙሉ በሙሉ አውርጄ እንደገና ጫንኩት፤ ሁለት ሰዓት ፈጀ። በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ አባቴ አሥር ጊዜ በሩን ከፍቶ «እህስ?» አለኝ። ሲያልቅ ራሴ ተቀመጥኩና ጉልበት ሰጠሁት። አውሮፕላኑ በነጩ መስመር ላይ ቀጥ ብሎ ሄዶ ተነሣ።

«ተስተካከለ!» ብዬ ጮህኩ።

አባቴ እየተጣደፈ መጣ። ተቀመጠ። ተንደረደረ። ሣር ውስጥ ገባ።

እንዲህ ዓይነት ብልሽት አውቃለሁ፤ ከሁሉም በላይ የምጠላው ነው። ጠጋኙ ሲመጣ ጨዋ ይሆናል፣ ሲሄድ ያምፃል። ቦታ ተቀያየርን። እኔ ስይዘው ቀጥ አለ፣ እሱ ሲይዘው ወደ ግራ። አንድ ጊዜ ደገምን። እንደዚያው። አባቴ ፊቱ ቀላ፤ «ወንበሩ ላይ ክብደቴ ስለሚበዛ ጣውላው ይጣመማል» አለ። ጣውላውን ወለሉ ላይ በብሎን አሰርነው። ሣር።

ከስምንቱ መስመር የቀረኝ አንድ ብቻ ነበር፤ ፔዳሉ ራሱ። የሥራ ባልደረባዬ ሁለት ፌርማታ አልፎ ይኖራል፤ ከቅጥነቱ የተነሣ ሽቦ ነው የምንለው። እሱም እቤቱ እንደዚህ ያለ ፔዳል አለው። አውቶቡስ እስኪመጣ መቆም አልቻልኩም፣ በእግሬ ሄድኩ። ሽቦ በቁምጣ በሩን ከፈተልኝ።

«ፔዳል? በቅዳሜ?»

«ስጠኝ ብቻ። ሰኞ ጠዋት ይመለሳል።»

«ያንቺው ምን ሆነ?»

«ይዋሻል።»

ሽቦ ፔዳሉን እያቀበለኝ ራሱን ነቀነቀ። «ፔዳል እኮ አይዋሽም። ምን ያህል እንደተረገጠ ብቻ ነው የሚናገረው» አለኝ። እኔ ደረጃውን ግማሽ ወርጄ ነበር።

የሽቦን ፔዳል አሰርኩ። እኔ ተቀመጥኩ፣ ቀጥ አለ። አባቴ ተቀመጠ፤ ግራ። ያውም በዚያው ልክ፣ በዚያው ቦታ። ስምንተኛውን መስመር መሰረዝ ነበረብኝ። እስክሪብቶው እጄ ላይ እንዳለ ቀረ። በጎን ስክሪኑ ላይ የፔዳሉን ሁኔታ የሚያሳይ ትንሽ መስኮት ከፍቼ ነበር፤ አንዲት አረንጓዴ ምልክት መሃል ላይ ትቆማለች፣ የተረገጠው ወደ ግራ ከሆነ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ከሆነ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። አባቴ ዐይኑ ማኮብኮቢያው ላይ ነው። ምልክቷ ቀስ እያለች ወደ ግራ ትሳባለች። ማንም ግራውን ርገጥ አላለውም፤ ሁለቱንም እግሮቹን አሳርፏል። ግራው ያርፋል። ቀኙ እግሩ ግን ጉልበት አጥቶ የግራውን ክብደት መመከት አልቻለም።

መሥሪያ ቤት ስንሆን ከሽቦ ጋር አንድ ቀልድ አለን፤ ከአሥር ብልሽት ዘጠኙ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው እንላለን። ማንም ሰው «ኮምፒውተሬ ተበላሸ» ብሎ ሲደውል መጀመሪያ የምጠረጥረው ደዋዩን ነው። እዚህ ግን ስምንት ነገር ጽፌ አባቴን አልጻፍኩም። ሠላሳ አንድ ዓመት ያበረረን ሰው እንዴት ብዬ እጽፋለሁ? እሱ ዕቃው ነው አለ፣ እኔም ዕቃው ነው አልኩ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ደህናውን ዕቃ ስፈታና ስገጥም ዋልኩ። ክው አልኩ።

«እህስ?» አለ አባቴ ዐይን ዐይኔን እያየ። «ይኼም ያው ነው?»

«ቆይ፣ አንድ ነገር ልሞክር።»

ፔዳሉ በትንሹ ሲነካ ፕሮግራሙ እንዳላየ እንዲያልፈው የሚያደርግ ማስተካከያ አለ። ከዜሮ ወደ ሃያ ከፍ አደረግሁት። እጄ ይህን ሲያደርግ እኔ አላዘዝኩትም ብል ውሸት ነው፤ በደንብ አዝዤዋለሁ። «በል ሞክረው» አልኩት።

አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ተነሣ። አባቴ አሳርፎ እንደገና አስነሣው። ቀጥ። ሦስተኛ ጊዜ። ቀጥ። ከወንበሩ ዘሎ ግንባሬን ሳመኝ።

«ምን ነበር ችግሩ?»

«ፔዳሉ... ትንሽ ሲነካም ከልክ በላይ ይሰማ ነበር» አልኩት።

«አላልኩሽም? ዕቃው ነው አላልኩሽም? ሰኞ እንገናኛለን ከዚያ ፈታኝ ጋር!»

ወደ ኩሽና ሄድኩ። እናቴ ሰሃን ታጥባለች። አንድ ብርጭቆ አነሣሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት፣ እንደገና አነሣሁት። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ።

«ምነው እንደ ጉንዳን?» አለችኝ። «ካፒቴን ሲስቅ ሰማሁ። አልተስተካከለም እንዴ?»

«እማዬ፣ አባዬ እግሩን ያመዋል?»

እጇ ሰሃኑ ላይ ቆመ።

«አመመኝ ብሎ አያውቅም» አለች። «ግን ደረጃ ሲወጣ የቀኙ ነጠላ ጫማ እየወለቀ ያስቸግረዋል። አሮጌ ስለሆነ ነው ብዬ አዲስ ገዛሁለት። አዲሱም ይወልቃል። ትናንት ሌላ ቁጥር ላመጣለት ነበር።»

እሷ ጫማ ትቀይራለች፣ እኔ ገመድ እቀይራለሁ። ሰኞ ትልቁ ሲሙሌተር ውስጥ ማንም ሃያ ከፍ አያደርግለትም፤ ይወድቃል፣ ለምን እንደወደቀም አያውቅም። ከዚያ የባሰው ደግሞ ሊያልፍ መቻሉ ነው። ጥርሱን ነክሶ፣ ያንን ግማሽ ሰዓት እንደምንም ተወጥቶ ያልፍና ማክሰኞ ሁለት መቶ ሰው ከኋላው ጭኖ ይነሣል። ከሦስት ሳምንት በፊትስ? ያኔም ይበር ነበር። ይህን ሳስብ እግሬ ራሱ ይዞኝ ወደ ሃንጋሩ ሄደ።

«አባዬ፣ ዋሸሁህ።»

ሳይዞር «ስለ ምን?» አለ።

ማስተካከያውን ወደ ዜሮ መለስኩትና ትንሿን መስኮት መሃል ስክሪኑ ላይ አመጣኋት። «እግርህን ከፔዳሉ ላይ አንሣ» አልኩት። አነሣ። ምልክቷ መሃል ላይ ቀጥ አለች። «አሁን ሁለቱንም እኩል አሳርፍ።» አሳረፈ። ምልክቷ ወደ ግራ ሄደች። አነሣ። መሃል። አሳረፈ። ግራ። ከዚያ በኋላ እኔ አላዘዝኩትም፤ ራሱ ያነሣል ያሳርፋል፣ ያነሣል ያሳርፋል። ቀኙን አጠንክሮ ለመርገጥ ሲሞክር ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ። የሽቦን ፔዳል በገዛ እጁ ፈትቶ የራሱን አሰረና ደገመው። አሁን እሱም በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አልነካም።

«ደመና ውስጥ ስትገቢ» አለ በመጨረሻ፣ ዐይኑን ከምልክቷ ላይ ሳያነሣ፣ «ሰውነትሽ ይዋሽሻል። ቀጥ ብለሽ የምትሄጂ ይመስልሻል፣ አንቺ ግን እየዞርሽ ነው። ለስንቱ ልጅ አስተማርኩ መሰለሽ። ሰውነታችሁን ተዉት፣ መሣሪያውን እመኑ እያልኩ።»

አንጀቴን በላው። «አባዬ፣ ሊታከም የሚችል ነገር ሊሆን ይችላል» አልኩ። አላውቅም፤ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው።

ስልኩን አነሣና የበረራ ፕሮግራም ክፍል ደወለ። ስሙን ሳይሆን የሠራተኛ ቁጥሩን ነገራቸው። «የሰኞውን ፈተና ሰርዢልኝ» አለ። «አይ፣ ይራዘም አላልኩም። ከበረራ ዝርዝሩም አውጪኝ... ምክንያት? ቀኝ እግር ብለሽ ጻፊ... አዎ፣ ይኼው ነው። ለሕክምና ክፍሉም አስተላልፊው። የመጨረሻዎቹን በረራዎቼንም ይመልከቷቸው በያቸው።» በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ያለችው ሴት አንድ ነገር ስትል ሰማሁ። «አመሰግናለሁ፣ ልጄ» ብሎ ዘጋው።

እናቴ እጇን እያደረቀች በሩ ላይ ቆማለች። ፈቃድ አልጠየቀችም። አባቴ ሁለቱን እጆቹን መሪው ላይ አድርጎ ባዶውን ማኮብኮቢያ ሲያይ ቆየ። እኔ ወረቀቴን እጣጥፋለሁ፣ እፈታለሁ፣ መልሼ እጣጥፋለሁ።

«ያንን ነገር መልሺልኝ» አለኝ።

«የቱን?»

«ሃያውን። ከእንግዲህ የሚፈትነኝ የለም።»

መለስኩለት። ጉልበት ሰጠው፤ አውሮፕላኑ ነጩን መስመር ይዞ ቀጥ ብሎ ተነሣ። አባቴ አጨብጭቡልኝ የሚል ይመስል ወደ እናቴ ዞረ፣ ግን ዐይኑ እንባ ሞልቶት ነበር።