መሀለኛው ወንበር

በ2010 ዓ.ም. ሰኔ፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሊሰጥ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ካቺሲ አጠገብ ላለ ትምህርት ቤት መሄድ የነበረባት አንዲት የፈተና ከረጢት አምቦ መጋዘን ውስጥ ተረስታ ተገኘች። ዋናው መኪና ከነፖሊሶቹ ከሄደ ሁለት ቀን ሆኖታል። ስልሳ ሁለት ልጆች ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት እርሳስ ቀርጸው ይጠብቃሉ፤ ፈተናቸው ግን እዚህ ቁጭ ብላለች። «መምህር ሚልኪያስ ያድርሳት፤ እሱ ጠንቃቃ ነው» ተባለ።

ጠንቃቃ መባሉስ እውነት ነው። ባለፈው ዓመት እሱ ባጀበው ጭነት ውስጥ የአንዱ ከረጢት የእሽግ ሽቦ ተበጥሶ ተገኝቶ ነበር። ማን እንደበጠሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ እየተጠራ የተጠየቀው ግን ሚልኪያስ ነው። ሚስቱ አቢጊያ እንኳ «እውነቱን ለእኔ ንገረኝ» ብላዋለች። ከዚያ ወዲህ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት የዘወትር ጸሎቱ ሆነ። ፈጣሪ ይይለትና፣ ለጸሎቱ ያህል ሌላውን ነገር ቢያስብ ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራን።

ሾፌሩ ኦቦ ኦሊቃ ሃምሳን ያለፉ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ፒክአፓቸውም ከእሳቸው ብዙ አታንስም። ሚልኪያስ ከረጢቷን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ሲገባ ገና ከመቀመጡ፣

«መምህር፣ እግርህ ስር አታድርጋት» አሉት። «ወለሉ ቀዳዳ ነው። መሀል ወንበሩ ላይ አድርጋት። ይኸው ላስቲክም አለ፣ ጠቅልላት።»

ሚልኪያስ ጎንበስ ብሎ የወለሉን ምንጣፍ ዳበሰ። ደረቅ ነው። መሀል ወንበር ማለት ደግሞ ከሾፌሩ ክንድ ሥር ማለት ነው። ላስቲኩስ? አንዴ ከተጠቀለለች በኋላ እሽጓ ቢነካ ማን ያያል?

«እዚሁ ይሻላታል፣ ኦቦ ኦሊቃ። አይጨነቁ» አለና ወለሉ ላይ አጋድሞ ሁለት ቦቲ ጫማውን ጫነባት።

ጊንጪ ደርሰው አስፋልቱን ትተው ወደ ሰሜን ሲታጠፉ ሰማዩ ተቀደደ። ብዙም ሳይሄዱ ራዲያተሩ ፈላ። ኦቦ ኦሊቃ ጀሪካን ይዘው ወርደው በዝናቡ ውስጥ ጠፉ። ዝናብ እየዘነበ ውሃ ፍለጋ! ሚልኪያስ ሰዓቱን እያየ ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ ሲያሰላ ቆየ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው መጡ።

«የት ቆዩ?»

«ወንዙ ሩቅ ነው» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቃል የሚቆጥብ ሰው አንድ ነገር ይደብቃል ብሎ ሚልኪያስ ልቡ ውስጥ መዘገበው።

ጎጆ ከተማን እንዳለፉ የመስታወት መጥረጊያው ቆመ። ኦቦ ኦሊቃ ከኪሳቸው ሲባጎ አውጥተው መጥረጊያው ላይ አሰሩና አንዱን ጫፍ በራሳቸው መስኮት፣ ሌላውን በሚልኪያስ መስኮት አስገቡ።

«እኔ ስስብ አንተ ልቀቅ፤ አንተ ስትስብ እኔ እለቃለሁ።»

ሚልኪያስ እጆቹ ተያዙበት። ይኼም ተንኮል እንዳይሆን ብሎ ከረጢቷን በተረከዞቹ ይበልጥ ረገጣት። አንድ የተማረ ሰው በእጁ በሲባጎ መስታወት እየጠረገ፣ በእግሩ ደግሞ ሌባ ይጠብቃል።

በዚህ መሀል ስልክ ጮኸ። ኦቦ ኦሊቃ መኪናዋን አቁመው አነሱና ድምፃቸው ለሰለሰ። «ሂን ሶዳቲን፣ ኢንተላ ኮ» አሉ። አትፍሪ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሚልኪያስ ኦሮምኛውን አሳምሮ ይሰማል። «እኔ ራሴ ይዤልሽ እየመጣሁ ነው» ብለው ዘጉ።

«ማን ናት?»

«ሃዋኒ። አያቷ ዘንድ ነው የምትማረው። ነገ ትፈተናለች።»

«የት?»

«እዚያው ነዋ፣ የምንሄድበት።»

የተፈታኝ አባት! ነገሩ ሁሉ ተገጣጠመለት፦ መሀል ወንበሩ፣ ላስቲኩ፣ ጀሪካኑ። «ስልክዎን ያጥፉ!» አለ። ኦቦ ኦሊቃ ትክ ብለው አይተውት አጠፉ።

ቀጥሎ የጠበቃቸው ጅረት ሞልቶ ነበር። መኪናዋ መሀሉ ላይ ስትደርስ ሞተሩ ጠፋ። ኦቦ ኦሊቃ ወርደው «እባክህ፣ አብረን እንግፋ» ቢሉት፣ «እኔ ከዚህች አልላቀቅም» አለ። ደግነቱ በዚያ የሚያልፉ ገበሬዎች ደረሱና ገፉላቸው። ይህ ሁሉ እስኪሆን ግማሽ ሰዓት ሄደ። ቦቲ መልካም ጫማ ነው፤ የተጫማው ሰው እግሩ ሥር ያለውን ውሃ አያውቅም።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረሱ። የፈተና ጣቢያው ኃላፊ ወይዘሮ ድንቅቱ የእሽጉን ቁጥር ጮክ ብለው አነበቡ፣ ሽቦውን ጎተት አድርገው አዩ፣ «እሽጉ ሳይነካ ተረክቤያለሁ» ብለው ፈረሙ። ሚልኪያስ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ሳንባው ተነፈሰ።

«ግን ረጥባለች» አሉ ወይዘሮ ድንቅቱ።

«ላይ ላዩን ነው፤ ዝናብ ነው።»

«እሜቴ፣ ክፈቷት» አሉ ኦቦ ኦሊቃ ከበሩ። «እሳት እናንድድ፣ ሳይብስ ይድረቅ።»

«ኮሚቴው ሳይሟላ፣ ከጠዋቱ ሁለት ተኩል በፊት አትከፈትም!» ሚልኪያስ ከወንበሩ ዘለለ። «ደግሞ እኚህ ሰው የተፈታኝ አባት ናቸው! ለምን እንድትከፈት እንደፈለጉ ይጠየቁልኝ!»

ኦቦ ኦሊቃ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉና ወጡ። ከረጢቷ ካዝና ውስጥ ተቆለፈባት።

በማግስቱ ኮሚቴው ፊት እሽጉ ተቆረጠ። ፖስታዎቹ ተጣብቀዋል። ወይዘሮ ድንቅቱ አንዱን ሲያነሱ ታችኛው ተከትሎ ተቦጨቀ፤ ቀለሙ ከገጽ ወደ ገጽ ፈስሷል፣ የሥሩ ጭራሽ ሊጥ ሆኗል። ሊነበብ የሚችል አንድ ፈተና አልተገኘም። ግቢው ውስጥ ስልሳ ሁለት ልጆች ተሰልፈዋል፤ ሌሊቱን ሲጓዙ ያደሩም አሉ። «ሌላ ፈተና እስኪመጣ ወደየቤታችሁ» ተባሉ። አንዳንዶቹ ቆመው ቀሩ፣ ያልሰሙ ይመስል።

ሚልኪያስን ማንም ምንም አላለውም። ምን ይባላል? «እሽጉ ሳይነካ» የሚል ወረቀት ይዟል።

ሲመለሱ ዝናቡ አልቆመም። ሃዋኒ እናቷን ለማየት አብራቸው ተሳፈረች፤ መሀል ወንበሩ ላይ፣ ላስቲኩን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ የተቀረጸ እርሳሷን አሁንም ይዛ። ኦቦ ኦሊቃ ሲባጎውን አቀበሉት። ሲስቡ ለቀቀ፤ ሲለቁ ሳበ። ይቅርታ ሊል ሦስት ጊዜ አፉን ከፍቶ ሦስት ጊዜ ዘጋው።

ጅረቱ ጋ ሲደርሱ ልጅቷ ጎንበስ ብላ ወለሉን አየች።

«ጋሼ፣ እግርዎን ያንሱ» አለችው። «በዚህ በኩል ውሃ ይገባል።»