ከኤላው እስከ በረዶው

ጋሽ ለገሰ ድሪላቸውን ይዘው መኪናዋ ጣራ ላይ ሲወጡ፣ ነርሷ ሲስተር ጠጂቱ መሬት ላይ ቆማ በስጋት ታያቸው ነበር። መኪናዋ የእሷ አይደለችም። ነገሌ ቦረና ያለ አንድ የቤተ ክርስቲያን የልማት ድርጅት፣ ለቆላው ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ ትሁን ብሎ ያስመጣት እንደ ቤት የሚታደርባት መኪና ናት። ሁለት አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ የእጅ መታጠቢያና ክትባት የሚቀመጥበት ፍሪጅ አላት። ጠጂቱ ከገዛ ቤቷ ይልቅ እዚህች ውስጥ የምታድርበት ቀን ስለሚበዛ፣ ጣራዋ ሊበሳ ሲል የራሷ ቤት ጣራ የተነካ ያህል ተሰማት።

«ጋሽ ለገሰ፣ ዝናብ ቢገባበትስ?»

«ሲልኮን ይዣለሁ» አሉ ሽማግሌው ከላይ። «ዝናቡ መጀመሪያ ይምጣና፣ በቀዳዳው መግባት አለመግባቱን ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

ሾፌሩ ቦሩ ሳቀ። ጠጂቱ ግን አልሳቀችም። ሬዲዮ ይግባልኝ ብላ የለመነችው ራሷ ነበረች። ያኔ ከሜጋ ከተማ ወዲያ ባለው ሜዳ የስልክ ኔትወርክ የሚባል ነገር አልነበረም። ባለፈው ዓመት እዚያ ሜዳ ላይ ዱረቲ የምትባል ወጣት እናት ከወሊድ በኋላ ደም ይፈሳት ጀመር። መኪናዋ ጎማዋ እስኪሰወር ጭቃ ውጧት ነበር። ቦሩ እርዳታ ፍለጋ በእግሩ ሄደ፣ ጠጂቱም የሴትዮዋን እጅ ይዛ፣ የሚሰማ በሌለበት ስልኳን ደጋግማ ጆሮዋ ላይ አደረገች። ቦሩ ሰው ይዞ ሲመለስ ዱረቲ በሕይወት አልነበረችም። ጠጂቱ ነገሌ እንደገባች ለድርጅቱ ኃላፊ፣ «የምጠራው ሰው ካልኖረኝ ሁለተኛ አልወርድም» አለች።

ኃላፊውም ጋሽ ለገሰን ፈልጎ አመጣ። ጋሽ ለገሰ በነገሌ ጦር ሰፈር የመገናኛ ሠራተኛ ነበሩ። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን የትውልድ አገራቸው ጎጃም አልተመለሱም፤ ባለቤታቸውን እናትነሽን ይዘው እዚያው ከተማው ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እየጠገኑ ቀሩ። ኋላ ላይ ሁለቱም ከሩቅ ሰው ጋር በሬዲዮ ለመነጋገር የሚያስችል የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አወጡ። ግቢያቸው ውስጥ ከዛፍ ዛፍ የተወጠረውን የአንቴና ሽቦ ጎረቤቱ ለብዙ ጊዜ የልብስ ማስጫ አድርጎት ነበር።

የመኪናዋ አንቴና ከሁለት ሰው ቁመት የሚበልጥ ቀጭን ዘንግ ነው፤ ከሥሩ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ከኋላው መሰላል ጋር በቡሎን አሰሩት። ገመዱን በጣራው ቀዳዳ ወደ ውስጥ አስገብተው ከሬዲዮው አገናኙት፤ ቀዳዳውን በሲልኮን ደፈኑት። ጋሽ ለገሰ ማይኩን ይዘው ቤታቸው ያሉትን እናትነሽን ጠሩ። መልስ የለም። ደግመው ጠሩ። አሁንም የለም።

ሽማግሌው ወጥተው የመኪናዋን ጎን በጣታቸው አንኳኩ፤ እንደ ባዶ ካርቶን ጮኸ።

«ፋይበር ነው፣ ብረት አይደለም» አሉ። «አንቴና ብቻውን አይናገርም፤ የሚቆምበት ብረት ይፈልጋል። የእኛው አየር ላይ ነው የተንጠለጠለው።»

ቦሩ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ፣ የተሸከማትን ብረት፣ የሻንሲውን ቀለም፣ እስኪያብረቀርቅ ፋቀው። ጠጂቱ ቁልፍ እያቀበለች፣ ጋሽ ለገሰ ሰፋ ያለ የመዳብ ሽቦ ጉንጉን ከአንቴናው እግር እስከ ሻንሲው ዘርግተው አሰሩ፤ በናስትሮም ጠቀለሉት። ከዚያ እንደገና ጠሩ።

«ለገሰ! ምሳው ቀዝቅዟል!» አለ የእናትነሽ ድምፅ፣ አጠገባቸው የቆሙ እስኪመስል ጥርት ብሎ። ይህን ጊዜ ጠጂቱም ሳቀች።

በሐምሌ መጀመሪያ ሦስቱም ወደ ቆላው ወረዱ። ግራሩ አንቴናውን እንዳይሰብረው በገመድ ወደ ጣራው ጎትተው አጎነበሱት። ሜጋን አልፈው፣ ቦረናዎች ኤላ የሚሉት አንድ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ጋ ሲደርሱ ቀኑ ወደ ማምሻው አዘንብሎ ነበር። የዚያ ዓመት ዝናብ ደህና ስላልጣለ የአገሩ ከብት ሁሉ እዚያ ተሰብስቧል። ጎልማሶቹ ከጉድጓዱ ወለል እስከ አፉ በደረጃ በደረጃ ቆመው፣ ውሃውን በባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እየወረወሩ ያወጣሉ። ሲወረውሩም ይዘፍናሉ። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ድምፁ ከመሬት ሆድ ውስጥ ነው የሚመጣው።

ጋሽ ለገሰ አንቴናውን ቀጥ አድርገው አቆሙና ነገሌን ጠሩ። ሬዲዮው ሽሽሽ ከማለት በቀር ምንም አላወጣም። ቆይተው ጠሩ፣ የሬዲዮውን ቁልፍ አዙረው ጠሩ። ጠጂቱ የዱረቲ እጅ መዳፏ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ተሰማት።

«ነገሌ እኮ እዚሁ ቅርብ ናት፣ ጋሽ ለገሰ! እሷ ጋ እንኳ ካልደረሰ ምን ሊጠቅመን ነው?»

ሽማግሌው ሊመልሱላት አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከሽሽታው ውስጥ የሰው ድምፅ ወጣ። እንግሊዝኛ ነበር፤ ቀጭንና እንደ ክር የሚወዛወዝ። በሬዲዮ ላይ ስማቸው የሆነውን የጋሽ ለገሰን የጥሪ ምልክት ፊደል በፊደል እየቆጠረ ይደጋግማል።

ጋሽ ለገሰ መለሱለት። ከዚያ ወደ ጠጂቱ ዞሩ።

«ማነው?» አለች ጠጂቱ።

«በምድር ደቡብ ጫፍ፣ በረዶው ላይ የአየር ጠባይ የሚያጠና ሰው ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እዚያ አሁን የብርድና የጨለማ ወቅት ነው። ፀሐይ ካየን ወር አልፎናል ይላል።»

ሰውዬው እንደገና ተናገረ፤ አሁን ጠጂቱም ቃሉን ለየችው። ከኋላችሁ የሚሰማኝ ምንድን ነው? አለ። ሰው ነው ወይስ ነፋስ?

ማይኩን ከእጃቸው ተቀበለችና በእንግሊዝኛዋ አስረዳችው፦ ሰዎች ናቸው፣ ከጉድጓድ ውሃ እያወጡ ነው፣ ለከብቶቹ ይዘፍኑላቸዋል። ሰውዬው፣ አቅርባችሁ ታሰሙኛላችሁ? ብሎ ለመነ።

የማይኩ ገመድ አጭር ነው። ቦሩ ሮጦ የውሃውን ተራ የሚያስከብሩትን ሽማግሌ፣ ኦቦ ዲባን፣ በኦሮምኛ አስፈቀደና ላሞቹን ፈቀቅ አስደርጎ መኪናዋን ቀስ አድርጎ ወደ ኤላው አፍ አስጠጋት። ጠጂቱ በመስኮት እስከ ወገቧ ወጥታ ማይኩን ወደ ጉድጓዱ ዘረጋች። ታች ያሉት ምንም አላወቁም፤ ባልዲውም ዘፈኑም እንደወትሮው ይወጣል። ክንዷ እስኪዝል ያዘችው። ከዚያ ሰውዬው መመለስ እንዲችል የማይኩን ቁልፍ ለቀቀች።

ከዚያ ወገን ሽሽታ ብቻ ሆነ። ሄዷል ብላ ስታስብ ሰውዬው መጣ፤ ድምፁ ተለውጧል። ጓደኞቼን ሁሉ ጠርቻቸዋለሁ፣ አለ። ክፍሉ ሞልቷል። እባካችሁ ድገሙልን።

ኦቦ ዲባ በመስኮቱ ሥር ቆመው ይሰሙ ነበር። «ማነው ይኼ ሰው? አገሩስ?» አሏት። ነገረቻቸው። በትራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና፣ በአማርኛ ሳይሆን በራሳቸው ቋንቋ፣ ለእንግዳ እንደሚገባው «ናጋ»፣ ሰላም ነው ወይ፣ እያሉ ጠየቁት፦ ናጋ? ልጆቹ ናጋ? ከብቱ ናጋ? ሣሩስ፣ ውሃውስ ናጋ?

ጠጂቱ አንድ በአንድ ተረጎመችለት። ሰውዬውም አንድ በአንድ መለሰ። ሰላም ነን። ልጆች እዚህ የሉም። ከብትም የለም፤ ሣርም አይበቅልም። የምንቆምበት መሬት ራሱ ውሃ ነው፤ ደርቆ ድንጋይ የሆነ ውሃ፣ ጥልቀቱ ከተራራ ቁመት የሚበልጥ።

«ውሃ ነው የሚረግጡት?» አሉ ኦቦ ዲባ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«ማን ይጠጣዋል?»

ጠየቀችላቸው። «ማንም» አለ ሰውዬው።

«ያ ዋቃ!» አሉ ኦቦ ዲባ፤ በቀስታ፣ ለራሳቸው፣ ፈጣሪያቸውን እየጠሩ። ከዚያ ወደ ኤላው አፍ ሄዱና እጃቸውን አፋቸው ዙሪያ አድርገው ወደ ታች ተጣሩ፦ ከብት በሌለበት አገር ያሉ ሰዎች እየሰሟችሁ ነው፣ አሰሟቸው! ከጉድጓዱ ውስጥ መጀመሪያ ሳቅ መጣ። ከዚያ ዘፈኑ ተነሣ፤ ጠጂቱ በዚህ አገር ተወልዳ አድጋ እንዲያ ሲዘፈን ሰምታ አታውቅም። የመኪናዋ ግድግዳ ከእጇ በታች ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህ ድምፅ በዚህች ቅጽበት ፀሐይ በሌለበት ጨለማ ውስጥ፣ አይታቸው የማታውቃቸው ሰዎች ጆሮ እየገባ ነው ብላ ስታስብ ማይኩን ይበልጥ ወደ ኤላው ዘረጋችው። ጋሽ ለገሰን ዘወር ብላ አየቻቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሬዲዮ ጋር የኖሩት ሰው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የሰውዬው ድምፅ እየሳሳ ሄዶ ምስጋናውን ሳይጨርስ ጠፋ።

«ጋሽ ለገሰ» አለች ጠጂቱ፣ «ዓለም ጫፍ የደረሰ ድምፅ ነገሌን እንዴት ያጣታል?»

«በላይዋ እያለፈ እኮ ነው። እንዲህ ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና ድምፁን አርቆ ነው የሚወረውረው። ቅርብ እንዲወርድልን ማስተኛት አለብን።»

ሦስቱም ተረባርበው ዘንጉን አጎነበሱት፤ ጫፉን በገመድ ከአንድ ግራር ጋር ወጥረው አሰሩት። ጋሽ ለገሰ ከዘንጉ ሥር ያለውን የመዳብ ጥቅል አስተካክለው ሬዲዮውን ወደ ሌላ መስመር አዞሩና ማይኩን ለጠጂቱ ሰጧት።

«አንቺ ጥሪ፣ ልጄ።»

ጠጂቱ ጠራች።

«የት ጠፋችሁ?» አሉ እናትነሽ ወዲያው፣ በቁጣ። «ጉሮሮዬ እስኪነቃ ስጠራ ዋልኩ እኮ! ደህና ናችሁ?»

ጠጂቱ ልትመልስ ብላ ሳቋ ቀደማት፤ ከሳቁ መሃል እንባዋ መጣ። «ደህና ነን፣ እትዬ እናትነሽ። ይሰማሉ? እዚህ ስንደርስ የመረመርኳት፣ ሰባት ወሯን የያዘች እግሯ ያበጠ እናት አለች፤ የደም ግፊቷም ከፍ ብሏል። ለሆስፒታሉ ሐኪም ይንገሩልኝ።»

እናትነሽ ነጠላቸውን አንሥተው ሄዱ። ሐኪሙን ይዘውት ሲመጡ ገና አልጨለመም፤ ከእሳቸው ሳሎን ሆኖ ጠጂቱን ጠየቃት፣ የምትሰጣትን መድኃኒት ነገራት፣ ሴትዮዋም በማግስቱ ሳትውል ወደ ነገሌ እንድትመጣ አዘዘ። ሴትዮዋ ነገሌ ደረሰች፤ ኋላም በሰላም ተገላገለች፣ እሷም ልጇም ደህና ሆኑ።

ያን ምሽት ግን ይህን ገና ማንም አያውቅም። ጠጂቱ ሬዲዮውን ዘግታ ወጣች። ከብቱ ጠጥቶ እየተመለሰ ነበር፤ አቧራው መሬቱን ሸፍኖታል። ቀና ብላ ድምፃቸው ሁሉ ያለፈበትን ሰማይ አየች። ምንም የለበትም፤ ደመና እንኳ የለውም። አንገቷ እስኪያማት ቆማ አየችው።