ክንዱን ያነሳው አሻንጉሊት

መሐንዲሷ ከበያጁ ጋር የሠራችው መሣሪያ በገመድ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ፣ የወደቀን ሕፃን በብብቱ ሥር በቀበቶ አቅፎ የሚያወጣ ነው። ግቢው ውስጥ በቀበሩት ቱቦ አርባ ጊዜ ሞክረውት አርባ ጊዜም አሸዋ የተሞላውን አሻንጉሊት ይዞላቸው ወጥቷል። ከሰዓት በኋላ የእሳት አደጋ አዛዡ መጥቶ ሊያየው ነው። እሱ ካልተቀበለው የሁለት ዓመት ልፋታቸው መጋዘን መግባቱ ነው።

ሥራ ሳይጀምር «ጨርሻለሁ» ስለሚል ቅጽል ስሙም «ጨርሻለሁ» ሆኖ የቀረው በያጅ፣ ዛሬ እንኳ አልዋሸሁም እያለ መሣሪያውን ይወለውላል።

ረፋድ ላይ የመሐንዲሷ አክስት የቀበቶውን ጫፍ ልትሰፋላቸው መጣች። ሃያ ዓመት ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም የሰፋች ሴት ናት። አሻንጉሊቱን አገላብጣ አየችና ክንዶቹ ከጎኑ ጋር ለምን እንደተሰፉ ጠየቀች። እንዳያስቸግር ብለን ነው አሏት።

«እኔ ተማሪዎቹን ስለካ በብብታቸው ሥር ሜትር ሳዞር፣ አንሱ ሳልላቸው ሁሉም እጃቸውን ሽቅብ ያነሳሉ» አለች። «የእናንተ ልጅ ግን ጨዋ ነው።»

በያጁ ሳቀ። መሐንዲሷ ግን መቀስ አንስታ ስፌቱን ተረተረችው። አሻንጉሊቱ ወረደ፤ ሲሳብ ግማሽ መንገድ ላይ ክንዶቹ ተነሱ፤ ከቀበቶው ሾልኮም ቱቦው ሥር ዱብ አለ።

በያጁ ለዛሬ ብቻ መልሰን እንስፋውና ነገ እናስተካክለው ብሎ ለመናት። ስልክ ከመደወሏ በፊት የምትለውን ሦስቴ የምትለማመደው መሐንዲስ ግን፣ አዛዡ በበሩ ሲገባ ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሰችውም።

«ልጁ እጁን ካነሳ ይጥለዋል» አለችው።

አዛዡ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። መሣሪያ ያመጡለት ሁሉ የሚሠራበትን ብቻ አሳይተውት እንደሄዱ፣ የማይሠራበትን ያወቀው ጉድጓድ አፋፍ ላይ እንደሆነ ነገራት። ከዚያ አሳዪኝ አላት።

ሦስተኛው ሙከራ ላይ ዓይኗ ከተነሱት እጆች ላይ ቀረ። መነሳታቸው ካልቀረ እነሱን መያዝ ነው። አክስቷ ከትራፊው ቀበቶ ሁለት ለስላሳ ሸምቀቆ ሰፋች፤ በያጁ ማንጠልጠያ በየደላት። አሻንጉሊቱ አሁን በሁለቱ የእጅ አንጓዎቹ ተይዞ፣ ጠባቡን ቱቦ ሳይነካ ቀጥ ብሎ ወጣ።

አዛዡ አንገቱን ደግፎ ተቀበለው፤ አሸዋ መሆኑን የረሳ ይመስላል። «ሰዎቼን ሰኞ አመጣቸዋለሁ» አለ። «እዚሁ ይለማመዱበት።»

መሐንዲሷ ከጠዋት ጀምሮ ገና አሁን ተቀመጠች።