ዜሮ ላይ ያላረፈው መስመር

የልብስ ሰፊው ልጅ እግሯ ተሰብሮ ሁለት ወር ከስድስት ቀን ቤት ዋለች። የጣላት ደረጃ ነው፤ ያውም የትምህርት ቤቱ ደረጃ፣ ያውም ቀስ ብላ ስትወርድ። ጓደኞቿ በየሳምንቱ ደብተራቸውን እያመጡ ያመለጣትን ሁሉ ስላስገለበጧት በንባቡ በኩል ከማንም አላነሰችም። የፊዚክሱን ቀመር አንድ በአንድ ትወጣዋለች። የተግባር ፈተና ግን በቀመር አይታለፍም። እሷ ተኝታ ሳለ ሌሎቹ ቤተ ሙከራ ገብተው ሲመዝኑ፣ ሲለኩ፣ አንዳንዴም ሲሰብሩ ከርመዋል። እሷ ስቶፕ ዎች የሚባለውን የሴኮንድ መቁጠሪያ እንኳ በእጇ ይዛ አታውቅም።

ፈተናው ሐሙስ ነው። ደንቡ አጭር ነበር፤ ተግባሩን ያላለፈ ለማጠቃለያው ፈተና አይቀመጥም፣ ለማጠቃለያው ያልተቀመጠ ክፍሉን ይደግማል። መድገሙን ራሱን ያን ያህል አልፈራችውም። የፈራችው ሁለቱ ወደ ላይኛው ክፍል ሲያልፉ እሷ እዚያው ወንበር ላይ ቀርታ በመስኮት ማየቱን ነው።

ሁለቱ ጓደኞቿ የአናጢው ልጅና ዳኛዋ የሚሏት ልጅ ናቸው። የአናጢውን ልጅ ከቁመቱና ከአባቱ ሙያ አጣምረው ጣውላ ይሉታል። ዳኛዋ ደግሞ ሁለት ሰው ሲከራከር ካየች ሳትጠራ መሐል ገብታ ፍርድ ካልሰጠች እንቅልፍ አይወስዳትም። የልብስ ሰፊውን ልጅ፣ ቀጭንና ዝምተኛ ናትና፣ መርፌ ብለው ስም ያወጡላት እነሱ ናቸው።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ ሁለቱም ሳይነግሯት ከአባቷ ሱቅ ከች አሉ። ጣውላ በአንድ ኪሱ ከብሎን የተፈታ ዳዶ፣ በሌላው የአባቱን ባለ ብረት ሜትር ይዟል።

"ጋሼ፣ እዚያ ኮት መስቀያው ላይ አንድ ነገር ብናንጠለጥል ይቆጣሉ?" አለ።

አባቷ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል "ኮቶቹን አትንኩ እንጂ ሌላው የናንተ ነው" አለ። ከዚያ በኋላ የክር ጥቅል ወረወረለት። "ወፍራሙን ውሰድ። ቀጭኑ ይበጠስባችኋል።"

ክሩን ከመስቀያው ብረት ላይ አሰሩት፤ ጫፉ ላይ ዳዶውን አንጠለጠሉ። ፔንዱለም ሆነ። ሥራው እንዲህ ነው፤ የክሩን ርዝመት ትለኪያለሽ፣ ዳዶውን ትንሽ ወደ ጎን ስበሽ ትለቂያለሽ፣ ሃያ ጊዜ ሄዶ እስኪመለስ ሰዓት ትይዢያለሽ፣ ክሩን ታሳጥሪና እንደገና ትጀምሪያለሽ። ዳኛዋ ሰዓት እንድትይዝበት ሞባይሏን ሰጠቻት። ጣውላ ቆጠራውን ያዘ።

አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ዳቦ ጋጋሪ በር ላይ ቆሞ "ምንድን ነው የምትቆጥሩት?" አለ።

"ዳዶ ነው፣ ጋሼ።"

"አንድ ዳዶ ነው የሚታየኝ።"

"እሱኑ ነው ደጋግመን የምንቆጥረው።"

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ጣውላ ቁጥሩ ጠፋበት፤ ከአንድ ጀመሩ። በሦስተኛው ሙከራ ዳቦ ጋጋሪው ሱሪውን ረስቶ ከእነሱ ጋር ጮክ ብሎ ይቆጥር ነበር።

በዚያ ቀን መርፌ ቤቷ ስትገባ እናቷ ምን ተምረሽ መጣሽ ብትላት "መልቀቅ" አለች። ዳዶውን ሳይገፉ እንዲሁ መልቀቅ ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም።

ችግሩ የመጣው ማክሰኞ ነው። የለካችውን ሁሉ፣ ሰዓቱን እንደ ቀመሩ በራሱ አባዝታ፣ በባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ አሰፈረች። ነጥቦቹ ቀጥ ብለው ተሰለፉ። ማስመሪያ አስደግፋ መስመሩን ስትስበው ግን ማረፍ ካለበት በላይ አረፈ።

ዳኛዋ ወረቀቱን አዙራ አየችው። "ክር ከሌለ መወዛወዝም የለም። ስለዚህ መስመሩ ሁለቱ ዜሮዎች ከሚገናኙባት ጥግ ነው መነሳት ያለበት። ያንቺ ከጥጓ በላይ ተንጠልጥሏል።"

"እኔ ነኝ" አለ ጣውላ። "ቆጠራ አጥፍቼ ይሆናል።"

እንደገና ቆጠሩ። መስመሩ እንደገና ከጥጓ በላይ። ዳዶውን ቀየሩ፣ ሰዓት ያዡን ቀየሩ፣ ቋጠሮውን ፈትተው አሰሩ። ያው ነው። መርፌ አንገቷን ደፋች። እነዚህ ልጆች ስለ እሷ ብለው የሁለት ቀን ከሰዓት በኋላቸውን አቃጥለዋል፤ እሷ ደግሞ አንድ መስመር ዜሮ ላይ ማሳረፍ አቃታት።

"ተዉት" አለች። "እናንተም የራሳችሁ ጥናት አላችሁ።"

"ማን ጠየቀሽ?" አለች ዳኛዋ። "ነጥቦቹ ቢበታተኑ ኖሮ ስህተቱ ከቆጠራ ነው እል ነበር። እነዚህ ግን እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። በየጊዜው እኩል የሆነ ነገር እየጎደለ ነው። ነገ ወረቀትሽን አላይም፤ እጅሽን ነው የማየው።"

ረቡዕ ዳኛዋ የካውያውን ጠረጴዛ ተደግፋ ተቀመጠች፤ ዓይኗን ከመርፌ እጅ አልነቀለችም። መርፌ ባለ ብረቱን ሜትር በክሩ ጎን ዘረጋች፣ ጎንበስ ብላ አየች፣ ጻፈች።

"ስንት አነበብሽ?"

"ሰማንያ።"

"የጻፍሽውስ?"

መርፌ ወረቀቷን አየች። የተጻፈው ሰባ አምስት ነው።

የስፌት መኪናው ቆመ። አባቷ እግሩን ከመርገጫው ላይ አንሥቶ ነበር። አንገቱ ላይ ያለውን የጨርቅ ሜትር አወለቀና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የሜትሩ መጀመሪያ ቁጥር ስድስት ነበር።

"እኔ ነኝ" አለ። "ጫፉ ተበልቶ አምስት ሴንቲ ቆርጬለት ነበር። አንቺ ገና መዳህ ስትጀምሪ።"

መርፌ አስታወሰች፤ ይልቁንም እጇ አስታወሰ። አምስት ዓመቷ ሳለ ከደንበኞች እግር ሥር ተንበርክካ ቁጥር ታነብለት ነበር። እሱ "አምስት ቀንሺ" ይላታል። ከጊዜ በኋላ ማለቱን ተወ፤ ስለማያስፈልግ። እስከ ዛሬ የሰው እጅጌ፣ የሰው ወገብ ስትለካ አምስት እየቀነሰች መሆኗን ራሷም አታውቀውም። ሜትር ማንበብ ማለት ለእሷ ይኸው ነው።

"ጋሼ፣ አዲስ ሜትር አይገዙም ነበር?" አለች ዳኛዋ።

"እጄ ለመደዋ። ማንም ሰው ልብሱ ጠበበኝ ብሎ አልመጣም።"

ጣውላ ሳቁን ለመያዝ ያደረገው ጥረት ሁሉ ከንቱ ሆነ። "የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ሦስት ቀን ሙሉ አምስት አምስት ስትሸመጥጪ አንቺ፣ ቆጠራ አጠፋሁ ብዬ የማለቅስ እኔ።"

"ጦጣውስ እኔ ነኝ" አለ አባቷ፣ ፈገግ እንኳ ሳይል። በዚህ ሁሉም ሳቁ፤ መርፌም እንባዋ እስኪመጣ።

ከዚያ በኋላ ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ ያልተለካ ነገር አልቀረም። የበሩን ስፋት፣ የመቀሱን ርዝመት፣ የካውያውን እጀታ። ደንቡን ያወጣችው ዳኛዋ ናት፤ መጀመሪያ በአፍሽ ተናገሪ፣ ከዚያ አፍሽ ያለውን ብቻ ጻፊ። በመጨረሻ ጣውላ ራሱ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተጋደመ።

"መቶ ሰማንያ አራት" አለች መርፌ።

"የተጻፈው?"

"መቶ ሰማንያ አራት።"

"ተመስገን" አለ ጣውላ ከተጋደመበት። "አምስት ብትቆርጪኝ ኖሮ ጣውላ መባሌ ይቀር ነበር።"

እሷ ግን ሌላ ነገር እያሰበች ነበር። በእነዚህ ሦስት ቀናት ጣውላ የራሱን ደብተር ሲገልጥ አላየችም። "አንተ መቼ ነው የምታጠናው?"

"እያጠናሁ አይደል? ሃያ ድረስ መቁጠር ተምሬያለሁ።"

ሐሙስ ጠዋት ቤተ ሙከራው በር ላይ ዕጣ አወጡ። ለመርፌ የደረሳት ፔንዱለም አይደለም፤ ስፕሪንግ ነው። ክብደት እየጨመሩ ስፕሪንጉ ምን ያህል እንደተሳበ መለካት። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። እዚህ መቀነስ ግዴታ ነው፤ ባዶውን ስፕሪንግ መጀመሪያ ትለኪያለሽ፣ ከዚያ ከእያንዳንዱ ንባብ ያንን ትቀንሻለሽ። እጇ ደግሞ ትናንት ሱቁ እስኪዘጋ አትቀንስ ሲባል ነው የቆየው።

ቁጭ ብላ አሰበች። ሁለት ዓምድ ሠራች፤ በመጀመሪያው አፏ ያለውን ብቻ፣ በሁለተኛው ሲቀነስ የሚገኘውን። ከዚያ ክብደቱን ሰቀለች፣ ጎንበስ አለች፣ በሹክሹክታ አነበበች።

ፈታኙ አጠገቧ መጥቶ ቆመ። "ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

"ከራሴ ጋር ነው፣ ቲቸር።"

"ቀስ ብለሽ አውሪ።"

አራተኛው ላይ ስትደርስ ተጠራጠረች። ሃያ ሁለት ተብሎ ተጽፏል። አፏ ያለው ሃያ ሁለት ነው ወይስ ሃያ ሰባት? ሰዓቱ እየሄደ ነው። ስድስት ንባብ ይፈለጋል፤ ይህንን ከደገመች ስድስተኛው ላይደርስ ይችላል። ክብደቱን አወረደች፣ እንደገና ሰቀለች፣ ለካች። ሃያ ሁለት። ልክ ነበረች። ደወሉ ሲደወል አምስት ነጥብ ብቻ ነበራት፤ መስመሩ ግን ሁለቱ ዜሮዎች ከተገናኙባት ጥግ ተነሥቶ ነበር።

ውጤቱ በሳምንቱ ሰኞ ተለጠፈ። ከሃያ አምስት ዳኛዋ ሃያ ሦስት፣ መርፌ አሥራ ስምንት አገኙ። የጣውላን ለማግኘት ጣቷን ወደ ታች መውሰድ ነበረባት። አሥራ ሦስት። ማለፊያው አሥራ ሁለት ተኩል ነው።

"ማለፍ ማለፍ ነው" አለ ጣውላ ከኋላዋ። "የተረፈችው ግማሽ ደግሞ መቀመጫ ትሆነኛለች።"

የጎደሉት ነጥቦች የት እንደቀሩ መርፌ ታውቃለች። ከአባቷ ሱቅ፣ ከኮቶቹ ጎን ነው የቀሩት። ስለ ምስጋና ብዙ ቃል ስታዘጋጅ ነበር የሰነበተችው፤ ሁለቱ ፊቷ ቆመው ሲያዩአት ግን ሁሉም ከአፏ ጠፋ።

"አመሰግናለሁ" አለች። ቆም ብላ ደግሞ፦ "ስለ ዳዶው። ስለ ቆጠራው። እጄን ስላየሽልኝ። ተዉት ስላችሁ ስላልተዋችሁት።"

ጣውላ ጫማውን ማየት ጀመረ።

"ማጠቃለያው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል" አለች መርፌ ወደ ጣውላ ዞራ። "ነገ ከትምህርት በኋላ ሱቅ ና። ያላነበብከውን ደብተር ይዘህ።"

"የትኛውን? ብዙ ነው እኮ።"

"ሁሉንም" አለች።