የተሰጠ መልስ

እሑድ እሑድ የሰው ንዴት ሁሉ የሚያርፈው እኔ ጆሮ ላይ ነው። ማንችስተር ውስጥ ባለ አንድ የቴሌቪዥን ድርጅት አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀምጬ የተመልካች ስልክ አነሳለሁ። አጠገቤ ኔቪል አለ፤ እሱም ስልክ ያነሳል፣ በመሃል ብስኩት ይበላል። ከፊታችን ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን ተቀምጧል። የደወለውን ሁሉ መዝገብ ላይ እናሰፍራለን፦ ስም፣ ከተማ፣ ቅሬታ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «የተሰጠ መልስ» የሚል አምድ አለ። መዝገቡ ሰኞ ጠዋት ለአለቆች ይሄዳል። ያንብቡት አያንብቡት እግዜር ይወቅ፤ ብቻ ባዶ ቦታ ከተገኘ ጉድ ይፈላል ተብለናል። ስለዚህ የምንለው ሲጠፋን «ምስጋና ቀርቧል» ብለን እንሞላለን። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ምስጋና ሳቀርብ ኖሬያለሁ።

የእሑድን ፈረቃ ማንም አይወደውም። እኔ ግን ለምኜ ነው የወሰድኩት። ሥራ ባይኖረኝ ቶድሞርደን ከተማ እናቴ ቤት ሄጄ፣ የተጠበሰ የበሬ ሥጋ በልቼ፣ እስኪመሽ ድረስ ቴሌቪዥን ፊት መገተር ነበረብኝ። እናቴ ደግሞ ቴሌቪዥን ዝም ብላ አታይም፤ ትጣላዋለች። የዜና አንባቢውን ክራቫት ትሰድባለች፣ የዘማሪዋን ፀጉር ትተቻለች፣ ከዚያ ዞር ብላ «አይደለም እንዴ?» ትለኛለች። እሱን ሸሽቼ እዚህ መጣሁ። እሷ ደግሞ ስልክ ቁጥሩን አገኘችው።

መጀመሪያ ሰሞን «ጁን፣ ልጄ» እያለች ነበር የምትደውለው። አለቃዬ በዚህ መስመር የግል ወሬ ክልክል ነው ብሎ ሲገሥጸኝ ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ እንደ ማንኛውም ተመልካች ስሟንና ከተማዋን ተናግራ፣ አንቱ ብላኝ፣ ቅሬታዋን አሰምታ ትዘጋለች።

የዚያን እሑድ ግን ከእሷ የምጠብቀው ሌላ ነገር ነበር። ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷታል፤ በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ደረጃ ላይ ወድቃለች። ፌርባንክ በሚባል የአረጋውያን መጦሪያ አንድ አልጋ ተገኝቶላት፣ እስከ ሰኞ ጠዋት እሺ ካላልን ለሌላ ሰው ይሰጣል ተባልን። ረቡዕ ዕለት አብረን ሄደን አየነው። ሳሎኑ ውስጥ ሃያ ወንበር ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ተደርድሯል። ጥግ ላይ አንድ ቴሌቪዥን አለ። ሪሞት ገና ብርቅ ነው፤ ያለችውን አንዷን ሪሞት አንድ ሽማግሌ ብርድ ልብሱ ሥር ሸሽጓታል። እናቴ ቤቱን ያስጎበኘችንን ኃላፊ «ጣቢያ የሚመርጠው ማነው?» አለቻት።

ኃላፊዋ ሳቀች። «ተነጋግረው ነዋ፣ የኔ እናት።»

በአውቶብስ ተመለስን። ስንለያይ እናቴ «እሑድ እነግርሻለሁ» አለችኝ።

አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ብቻዬን የምኖርበት አፓርታማ ትርፍ ክፍል አለው። የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ አቁሜበታለሁ። እናቴ ታውቃለች። ማናችንም አላነሳነውም።

ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ፕሮግራሙ እንዳለቀ ስልኩ ጮኸ።

«ወይዘሮ ኢዲት ክሌግ ነኝ፣ ከቶድሞርደን። ቄሱ ሲሰብክ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነበር። ምን ጠፍቶበት ነው?»

«አስተላልፋለሁ፣ ወይዘሮ ክሌግ። ሌላ የሚነግሩን ነገር አለ?»

«የለም። ገና ጠዋት ነው» ብላ ዘጋችው።

ኔቪል ብስኩቱን እያኘከ አየኝ። «እናትሽ ናት አይደል?»

«ተመልካች ናት።»

«የኔ እናት በልደቴ ቀን እንኳ አትደውልልኝም። ዕድለኛ ነሽ።»

«ከፈለግህ ውሰዳት።»

ከዚያ የገበሬዎች ፕሮግራም መጣ፤ አንድ ገበሬ ደውሎ ያሳያችሁት አሳማ ያላችሁት ዓይነት አሳማ አይደለም ብሎ ሩብ ሰዓት አስተማረኝ። ቀጥሎ አንድ ሚኒስትር ለቃለ ምልልስ ቀረቡ። አንዷ ጋዜጠኛው አዋረዳቸው አለች፤ ሌላው ጋዜጠኛው እግራቸውን ሊስም ምንም አልቀረውም አለ። ሁለቱንም አመሰገንኩ። ምሳ ሰዓት ላይ እናቴ ደግማ ደወለች።

«ሰው ምሳ ሲበላ ሚኒስትር የምታሳዩት ለምንድነው? ሥጋው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።»

«ብዙ ነው እንዴ የሠሩት?» ከአፌ አመለጠኝ።

«ለሁለት ሰው። እጄ ለምዶ ነው።»

ስለ ፌርባንክ ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። ዘጋችው።

ከሰዓት በኋላ የድሮ የጦር ፊልም ታየ፤ አንድ ጡረተኛ ሻለቃ የተዋናዩ ሜዳይ የተሰቀለው በተሳሳተ ወገን ነው ብለው ጮኹብኝ፣ ጦርነቱን ያስነሳሁት እኔ ይመስል። ከዚያ ስኑከር ጀመረ። አረንጓዴ ጠረጴዛ፣ ሰደርያ የለበሱ ሁለት ሰዎች፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ በዘንግ ኳስ መግፋት። አንገቴ ደርቋል፣ ሻዬ ቀዝቅዟል፣ ጆሮዬ ስልኩ ካረፈበት ቦታ ግሏል።

«ወይዘሮ ክሌግ ነኝ። ይሄ ስኑከር የሚባለው የሚያልቀው መቼ ነው?»

«አንዱ ሲያሸንፍ ነው።»

«እኔማ ተነስቼ ቀየርኩት። ሌላው ጣቢያ የድሮ ሳህን ዋጋ እየገመቱ ነው። ሰው በገዛ እጁ መቀየር ሲችል ደስ ይላል። አንድ ነገር ልጠይቅ። አንድ ቤት ውስጥ ሃያ ሰው ቢኖርና አሥራ ዘጠኙ ስኑከር ቢወድ፣ ሃያኛው ምን ያደርጋል?»

«ይሄ የፕሮግራም ጥያቄ አይደለም፣ ወይዘሮ ክሌግ።»

«ገብቶኛል። እርስዎ ሥራ ላይ ነዎት።»

ተናደድኩባት። እሺ ወይም እምቢ ማለት ይህን ያህል ምን ይከብዳል? ግን ውሸቴን ነው። ምን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ «እኔ ጋ ነይ» እንድላት ነው። ይህን ማወቁ ነው ያደከመኝ፤ የዚያን ዕለት ድካም ብቻ አልነበረም፣ የአሥራ አምስት ዓመት ነው።

አሥራ ሁለት ተኩል ካለፈ በኋላ የመዝሙር ፕሮግራሙ መጣ። አንድ የዌልስ መንደር ሕዝብ ክት ካፖርቱን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሞልቷል። ስልኩን አነሳሁ።

«ወይዘሮ ክሌግ ነኝ።» ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። ከኋላዋ መዝሙሩ ይሰማል። እኛ ክፍል ባለው ቴሌቪዥን ያ ሁሉ ሕዝብ ያለ ድምፅ አፉን ይከፍታል፤ ዜማው የሚመጣልኝ በእሷ ስልክ ነው።

«ቅሬታዎ ምንድነው?»

«ቅሬታ የለኝም። ደህና አድርገው ነው የሚዘምሩት። ጥያቄ ብቻ ነው።»

«ይጠይቁ።»

«እርስዎ እሑድ እሑድ እዚያ ሲውሉ፣ ቤትዎ ያለውን ቴሌቪዥን ማን ያየዋል?»

እጄ ላይ ያለውን ብዕር አስቀመጥኩ።

«ማንም» አልኩ። «ጠፍቶ ነው የሚውለው።»

«ጠፍቶ።»

መዝሙሩ ቀጠለ። ኔቪል ማኘክ አቆመ። ማለት የነበረብኝ ሁለት ሦስት ቃል ነው። አውቃቸዋለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ልብስ እየተኮስኩ ለብቻዬ ስለማመዳቸው ነበር። ትርፉን ክፍል አሰብኩ። የሚመጡትን እሑዶች አሰብኩ፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያሉትንም አሰብኩ። አፌ አልከፈት አለኝ።

እናቴ ብዙ ጠበቀችኝ። መዝሙሩ አልቆ ሌላ እስኪጀመር ጠበቀችኝ።

«በይ እንግዲህ፣ ጁን» አለች። «ነገ ጠዋት ደውለሽ እሺ ብላለች በያቸው። ያ ሽማግሌም ሪሞቱን የት እንደሚሸሽግ አይቻለሁ፣ ይጠንቀቅ።»

«እማዬ —»

«ራትሽን ሳትበዪ እንዳትተኚ።» ዘጋችው።

መዝገቡን ሳብኩት። ኢዲት ክሌግ፣ ቶድሞርደን። በቅሬታው አምድ «ተመልካቿ ጠፍቶ የሚውለውን ቴሌቪዥን ማን እንደሚያየው ጠይቀዋል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ መጨረሻው አምድ ላይ ደረስኩና እጄ ቆመ።

ኔቪል አንገቱን አስግጎ አነበበው። ምንም አልቀለደም። «ባዶ አትተዪው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ነገ ይጮሁብሻል። ምስጋና ቀርቧል በይና እለፊው።»

አልጻፍኩትም። ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ አንዲት ሴት ከላንካስተር መዝሙሩ አጠረብን አለች። አመሰገንኳት፣ መልሷንም ሞላሁ። ከእሷ በላይ ያለው መስመር ባዶውን ለአለቆች ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ለፌርባንክ ደውዬ እሺ ብላለች አልኳቸው። ከዚያ ቀኑን ሙሉ አለቃዬ እስኪጠራኝ ጠበቅሁ። ማንም አልተቆጣኝም።