መርዶ ሳይነጋ አይነገርም

አባባ ሰኔ ላይ ሲሞት ታላቅ እህቴ ጦቢያ ደቡብ ዋልታ ነበረች። የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ናት፤ በረዶ ላይ በተተከለ ትልቅ ቴሌስኮፕ ሰማይ ታያለች። ክረምቱን እዚያ የከረመች ሐበሻ ሴት ከእሷ በፊት የለችም ይባላል። ካዛንቺስ ግን የሚያውቃት «በረዶ አገር የገባችው የወልደአረጋይ ልጅ» ብሎ ነው።

ከቀብር እንደተመለስን «ደውለን እንንገራት» አልኩ።

ጎረቤታችን እትዬ ሸዋዬ አፈጠጡብኝ። «መርዶ በስልክ? ጉድ እኮ ነው! መርዶ የሚነገረው ሲነጋጋ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚይዛት ሰው ባለበት ነው።»

«እዚያ እኮ አይነጋም፣ እትዬ። ፀሐይ መጋቢት ላይ ከጠለቀች የምትወጣው መስከረም ነው። እስከዚያ አውሮፕላንም አይሄድም።»

እማዬ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች «እንግዲያው ይንጋላት» አለች። በቃ፣ ተፈረደ።

ጦቢያ እሁድ እሁድ ትደውላለች። ወትሮ ስልኩን የሚነጥቀን አባባ ነበር፤ «ዛሬስ ምን አየሽ?» ሊላት። አሁን እማዬ ትዋሻለች። አንድ ጊዜ ዕድር ትልከዋለች፣ ሌላ ጊዜ ጎተራ ሰፈር ዘመድ ጥየቃ። ሰውየው በሕይወት ሳለ እንደዚያ ዞሮ አያውቅም። ትስቅላታለችም። ስልኩ ሲዘጋ ጓዳ ገብታ በሩን ትዘጋለች። እኔ በሁሉም ተናደድኩ፤ በባህሉም፣ በበረዶውም፣ በከዋክብቱም። እህቴ ናፍቃኝ ነበር። አባቴን አብራኝ እንድታለቅሰው እፈልግ ነበር።

መስከረም ላይ አንድ እሁድ ማለዳ ዘመዱ ሁሉ ቤታችን ተሰበሰበ። ስልኩ ሲጠራ ድምፁን ከፍ አድርገን መሃል አስቀመጥነው።

«እማዬ፣ ፀሐይ ወጣች! ማለቴ ጠርዟ ብቻ፣ ግን ወጣች! አባባን አቅርቢልኝ፣ መጀመሪያ ለሱ ነው የምነግረው።»

ሁሉም እማዬን አየ።

«ጦቢዬ፣ አጠገብሽ ሰው አለ?»

«አሉ፣ የሥራ ባልደረቦቼ። ምነው?»

«በያቸው፣ ይያዙሽ።»

ጦቢያ የዚህ ሰፈር ልጅ ናት፤ ሌላ ቃል አላስፈለጋትም። ስልኩ ውስጥ አንድ ወንበር ሲወድቅ ሰማን፤ ከዚያ የፈረንጆች ድምፅ፣ ከዚያ የእሷ ለቅሶ። ቤቱ ሙሉ አብሯት አለቀሰ።

በመጨረሻ «መቼ?» አለች።

«ሰኔ» አልኳት።

«እማዬ፣ ታዲያ ይሄን ሁሉ እሁድ እየሳቅሽልኝ ብቻሽን ነበር የምታለቅሺው?»

እማዬ ስልኩን አንስታ ጉንጯ ላይ ለጠፈችው። ስንት ወር አፍና የያዘችውን ያኔ አወጣችው።

«ናፍቀሽኛል፣ ልጄ። ነይልኝ።»

የመጀመሪያው አውሮፕላን እዚያ የሚደርሰው ጥቅምት ሲያልቅ ነው።