ሠርግ በላም በረት

ቴግዌን ከሠርጓ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቷ ኢድዋል ክንዷን ይዞ እንዲድራት። እሱ ግን ላሞቹን ጥሎ የትም የማይሄድ የዌልስ ገበሬ ነውና የታላቋን ልጁን ሠርግ እንኳ ያየው በፎቶ ነው።

ምን ታድርግ፣ «እዚሁ በረቱ ውስጥ እጋባለሁ» አለች። «ቬሎዬን በቦቲ ጫማ እለብሳለሁ። ለእንግዳውም ከራሳችን አይብ ቁራሽ ቁራሽ እናድላለን።»

እናቷ ሳቀች። «አማትሽ በዚያ ባለ ተረከዝ ጫማዋ እበት ውስጥ ስትሰጥም ታየችኝ።»

«ለሷም ቦቲ እንገዛላታለን፣ እማዬ።»

ኢድዋል ሻዩን አስቀመጠ። ቴግዌን ዐይን ዐይኑን አየችው።

«ላሞቹ እንግዳ ሰው ሲያዩ ወተታቸውን ይይዛሉ» አለ በመጨረሻ። «ሙሽራው ከነገ ጀምሮ እየመጣ ይላመዳቸው። እኔም የዚያን ቀን ቶሎ አልቤ፣ እጄን ታጥቤ እድርሻለሁ።»